«ለሰፈሩ ተጨምሯል»

በከተማችን የደመወዝ ጭማሪ ሁለት ጊዜ ይደርሳል። መጀመሪያ ገበያው ውስጥ፣ ቀጥሎ ደመወዝተኛው ኪስ ውስጥ። በሁለቱ መካከል አንዳንዴ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያልፋሉ። መሥሪያ ቤቱ የደረጃ ዝርዝሩን እስኪያመሳክር፣ ፔሮሉ እስኪሠራ፣ ፊርማው እስኪሟላ ገንዘቡ መንገድ ላይ ነው። ዋጋ ግን ፔሮል አይጠብቅም። ማታ ዜና ሰምቶ ያደረ ነጋዴ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት አዲሱን ዋጋ ይዞ ይከፍታል። እናም ደመወዝተኛው ጭማሪውን እጁ ሳያስገባ ማውጣት ይጀምራል።

እኔ ደመወዝተኛ አይደለሁም። የምተዳደረው በብዕሬ ነው፤ ጽሑፍ ሲወጣልኝ ይከፈለኛል፣ ካልወጣልኝ የለም። የጽሑፍ ዋጋ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ሲጨመር ሰምቼ አላውቅም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የሰፈራችን ባለሱቅ የዘይት ዋጋ ከፍ አድርጎ ሲነግረኝ ብደነግጥ፣ «ደመወዝ ተጨምሮ የለም እንዴ!» አለኝ። ለእኔ እንዳልተጨመረ ነገርኩት። ጥቂት አሰብ አደረገና፣ «ለሰፈሩ ተጨምሯል» ብሎ መለሰልኝ።

ሰውየው እየቀለደ አልነበረም። እንዲያውም በአንዲት ዐረፍተ ነገር ትልቅ የኢኮኖሚ ክርክር ነው የነገረኝ። ለዝቅተኛው ሠራተኛ ደመወዝ ሲጨመር ኑሮ ይወደዳል የሚሉ ምሁራን በየአገሩ ሞልተዋል። የእኛ ሰው ደግሞ ምሁራኑን ሳያነብ ይህንኑ ያምናል። «ባይጨመር ይሻል ነበር» የሚል የመንግሥት ሠራተኛ ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? እኔ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። የገዛ ደመወዙ እንዳይጨመርለት የሚለምን ሰው ያለበት ከተማ ውስጥ እየኖርን ነገሩን ሳንመረምር ማለፍ ነውር ይመስለኛል።

ከቁጥሩ እንነሳ። በደርግ ዘመን የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ የወር ደመወዝ 50 ብር ነበር። ያን ጊዜ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ይመነዘር ስለነበር 50 ብር ማለት 24 ዶላር ገደማ ነው። በመስከረም 1985 ዓ.ም. ዶላሩ 5 ብር ገባ። ከዚያ ወዲህ ደመወዝና ምንዛሪ እንደ አይጥና ድመት ሲሯሯጡ ኖሩ። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ዝቅተኛው ደመወዝ 1,100 ብር፣ ዶላሩ ደግሞ 29 ብር አካባቢ ነበር። ሲመነዘር 38 ዶላር ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር የተነሣው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 120 ብር ተጠጋ። ዝቅተኛው ደመወዝም ወደ 4,760 ብር ከፍ አለ።

ከ1,100 ወደ 4,760 ማለት የ333 በመቶ ጭማሪ ነው። ለጆሮ ያስደነግጣል፤ ለነጋዴ ጆሮማ እንዴት አያስደነግጥ! በአዲሱ ምንዛሪ ሲሰላ ግን 40 ዶላር ገደማ ነው። ዝቅተኛ ተከፋዩ በ5 ዓመት ውስጥ ያደገው 2 ዶላር ያህል ብቻ ነው። ሰው በዶላር አይኖርም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ነዳጁ፣ መድኃኒቱ፣ ማዳበሪያውና ከውጭ የሚገባው ዘይት በዶላር ይመጣሉ። ደግሞም 4,760 ብር ሙሉውን ቤት አልገባም። ያን ጊዜ የሥራ ግብር የሚጀምረው ከ600 ብር በላይ ነበርና በ2008 ዓ.ም. በወጣው ስሌት መሠረት 649 ብር ከ50 ሳንቲም ለግብር፣ 333 ብር ደግሞ ለጡረታ ይቆረጣል። የሚተርፈው 3,780 ብር እንኳ አይሞላም። ከግብር ነፃ የሆነው መነሻ ወደ 2,000 ብር ከፍ ያለው በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ደግሞ ዝቅተኛው ደመወዝ 6,000 ብር ሆነ።

እንግዲህ ክርክሩን የምንፈትንበት አንድ ጥሩ ዘመን አለን። ከ2012 እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ ለመንግሥት ሠራተኛ አጠቃላይ የደመወዝ ጭማሪ አልተደረገም። ደመወዝ ዋጋን የሚያንረው ቢሆን ኖሮ በእነዚያ ዓመታት ገበያው ጸጥ ባለ ነበር። የሆነውን ግን ሁላችንም በልተነዋል፤ ወይም ሳንበላው ቀርተናል። እ.ኤ.አ. በ2022 የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ጦርነት ነበረ፣ ድርቅ ነበረ፣ የውጭ ምንዛሪ ጠፍቶ ነበር፣ መንግሥትም ጉድለቱን ለመሙላት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ይበደር ነበር። ደመወዝተኛው ያን ሁሉ ጊዜ በ1,100 ብሩ ተቀምጦ ይመለከታል። በአንጻሩ ትልቁ ጭማሪ በተከፈለበት በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የንረቱ መጠን 14 በመቶ አካባቢ ወርዶ ተገኘ። ደመወዙ አወረደው ማለቴ አይደለም፤ የባንክ ብድር ተገድቦ፣ የመንግሥትም ቀጥታ ብድር ተገትቶ ነበር። ንረቱ ወረደ ማለትም ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም፤ ዋጋው ሽቅብ የሚወጣበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት ነው እንጂ። ቢሆንም ደመወዝ ሳይጨመር ዋጋ ሲከንፍ፣ ተጨምሮ ሲያዘግም ካየን፣ ዋናውን በሽታ ሌላ ቦታ መፈለግ ይገባናል።

ታዲያ ባለሱቁ ተሳስቷል? ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። የደመወዝ ዜና ምክንያት ባይሆን እንኳ ሰበብ ይሆናል። ነጋዴ ብቻውን ዋጋ ቢጨምር ደንበኛው ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄድበታል ብሎ ይፈራል። ዜናው በተነገረ ቀን ግን ጎረቤቱም እንደሚጨምር ያውቃል፤ ጎረቤቱም እሱ እንደሚጨምር ያውቃል። ሳይማከሩ ይስማማሉ። ለወራት ሲያመነታበት የቆየውን ጭማሪ ሁሉም በአንድ ጠዋት ያወጣዋል። ጥፋቱም ለደመወዝ ይጻፋል።

የደመወዝ ድርሻ በራሱ ስንት እንደሆነ ለማየት አንድ ማኪያቶ ይበቃናል። ዋጋው ውስጥ ቡናው አለ፣ ወተቱ አለ፣ ስኳሩ፣ መብራቱ፣ የቤት ኪራዩ፣ ግብሩና የባለቤቱ ትርፍ አለ። የአስተናጋጇና የባሪስታው ደመወዝ ከእነዚህ አንዱ ነው። ለምሳሌ ያህል ከ100 ብር ሽያጭ ውስጥ 15 ብሩ የሠራተኛ ደመወዝ ነው እንበል። ባለካፌው የሁሉንም ደመወዝ በእጥፍ ቢያሳድግና ከትርፉ ሰባራ ሳንቲም ባይነካ፣ ማኪያቶው 115 ብር ይገባል፤ 200 ብር አይገባም። ሰው ደመወዝ በእጥፍ ሲያድግ ዋጋም በእጥፍ ያደገ የሚመስለው ይህን ሂሳብ ስለማይሠራ ነው።

ይህን ሂሳብ በገበያ ላይ የፈተኑ አሉ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1992 የአሜሪካዋ ኒው ጀርዚ ክፍለ ግዛት የሰዓት ዝቅተኛ ክፍያን ከ4 ዶላር ከ25 ሳንቲም ወደ 5 ዶላር ከ5 ሳንቲም አሳደገች። ጎረቤቷ ፔንሲልቬንያ ባለችበት ቆየች። ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገር የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ሊቃውንት በሁለቱም ወገን 410 ያህል የፈጣን ምግብ ቤቶችን ከጭማሪው በፊትና በኋላ ጠየቁ። የተፈራው የሥራ መጥፋት አልታየም፤ የምግቡ ዋጋ ግን በኒው ጀርዚ በ4 በመቶ ገደማ በልጦ ጨመረ። ደመወዙ ወደ 19 በመቶ ሲያድግ ዋጋው 4 በመቶ ማለት ነው። ውጤቱን የተቃወሙ ሊቃውንት ነበሩ፣ ዛሬም አሉ። ካርድ በ2021 የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ ክሩገር በሕይወት አልነበረም። ሳራ ሌሞስ የተባለች ተመራማሪ ደግሞ በ2008 በርካታ ጥናቶችን አሰባስባ ስታይ፣ ዝቅተኛው ክፍያ በ10 በመቶ ሲጨምር የምግብ ዋጋ ቢበዛ በ4 በመቶ፣ አጠቃላይ ዋጋ ደግሞ ቢበዛ በ0.4 በመቶ እንደሚጨምር አገኘች። ዋጋ አይነካም ማለት ሐሰት ነው፤ ሁሉን ይበላዋል ማለትም ሐሰት ነው።

ይሁን እንጂ የአሜሪካውን ክርክር እንዳለ ወደ አዲስ አበባ ማምጣት አይቻልም። እዚያ ዝቅተኛ ክፍያ የሚባለው ምግብ ቤት ለሚያጥበውም፣ ሕንፃ ለሚያጸዳውም ሠራተኛ የተደነገገ ወለል ነው። እዚህ እስካሁን የቆጠርኩት ቁጥር ሁሉ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ነው። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛውን ደመወዝ አጥንቶ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል። የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም ጥያቄውን በየሜይ ዴይ በዓሉ ሲያነሣ ኖሯል፤ አዋጁ ግን ዓመታት ሲቆጥር ወለሉ አልተነጠፈም። በ2016 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ጭማሪ ገደብ ተበጅቶለታል። ለኪራዩ ጣሪያ ተሠራ፣ ለደመወዙ ወለል ቀረ። እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ነው የምንኖረው።

ወለል አለመኖሩ የሚያስከትለውን ሐዋሳ አሳይታናለች። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት የኢንዱስትሪ ፓርኩ የልብስ ስፌት ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፤ ከዓለም ልብስ አምራች አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው። ልጃገረዶቹ ተደራርበው አንድ ክፍል ይከራያሉ፣ ኑሮው አልገፋ ሲላቸው ጥለው ይሄዳሉ። ፋብሪካዎቹ በአማካይ በየ12 ወሩ ሠራተኛቸውን በሙሉ ይተኩ ነበር። ርካሽ ጉልበት እንዲህ ለአሠሪውም ይወደዳል፤ ያሠለጠናት ልጅ እጇ ሲፍታታ እሷ የለችም።

ወደ ሰፈሬ ልመለስ። ልብስ እያጠበች ሁለት ልጆች የምታሳድግ ሴት አለች። ዘይቱ ከጨመረ ወር ሳይሞላ የቀን ዋጋዋ ላይ 50 ብር ጨመረች። ጎረቤት ቡና ላይ ስንሰበሰብ ወሬው እሷ ሆነች። «እሷም ጀመራት!» ተባለ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት የአንዱ ቤት አከራይ ኪራይ እንደጨመረ ሲነገር ግን፣ «ምን ይደረግ፣ ኑሮ ነው» ተብሎ ታልፎ ነበር። ቡና የምታፈላልን ጎረቤታችን ሲኒውን እያቀበለች፣ «እሷስ ዘይት የምትገዛው ከሌላ አገር ነው?» አለች። ማንም አልመለሰላትም።

ያቺ ሴት የመንግሥት ሠራተኛ አይደለችም፤ ጭማሪው አይመለከታትም። አዋጁም የቤት ውስጥ ሥራን ልዩ ደንብ ይወጣለታል ብሎ ለይቶ አቆይቶታል፤ ቦርዱ ቢቋቋምም በቀጥታ አይደርስላትም። ዋጋው ግን ማንንም አይለይም። ሌላው ደመወዝ ሲጨመርለት የሚከፍለው ይህ ነው፤ የቀን ሠራተኛው፣ ዘበኛው፣ አስተናጋጇ፣ የቤት ሠራተኛዋ። እነዚህ ሰዎች ወለሉን እንፈልጋለን ሲሉ፣ ኑሮ ይወደዳል ተብለው ይመለሳሉ። ኑሮው ከተወደደ ቆይቷል፤ ሒሳቡንም እየከፈሉ ያሉት እነሱው ናቸው።

በሦስት ሠራተኛ የሚተዳደር ትንሽ ምግብ ቤት ያለው ሰው ሥጋትም መሠረት አለው። ወለሉ ካቅሙ በላይ ከተቆለለበት አንዷን ያሰናብታል፣ ወይም ያለ ውል ያሠራታል። ደመወዙ የሚከፈለው ከግብር ሳይሆን ከሚታተም ብር ከሆነም ሁላችንም እናጣለን። ስለዚህ ነገሩ በልክና በጊዜ መሆን አለበት። የሲያትል ከተማ ምክር ቤት በሰኔ 2014 እ.ኤ.አ. የ15 ዶላሩን ሕግ ሲያጸድቅ በአንድ ጊዜ አልጫነውም፤ በየዓመቱ ደረጃ በደረጃ ከፍ እንዲል፣ ቀጥሎም ከዋጋ ዕድገቱ ጋር በየጥሩ እንዲስተካከል አደረገ። በመኪና ማቆሚያውና በአየር ማረፊያው የሚሠሩ በርካታ ወገኖቻችን በዚያ አካባቢ ይኖራሉ። የሲያትል ኑሮ ርካሽ ነው አልልም፤ የቤት ኪራዩ አያድርስ ነው። ነገር ግን ጭማሪው እንደ ጥምቀት ቀኑ የታወቀ ስለሆነ ሠራተኛው በተስፋ፣ ባለሱቁም በዕቅድ ይጠብቀዋል። ለአምስት ዓመት ተረስቶ በአንድ ሌሊት በከበሮ የሚታወጅ ጭማሪ ግን ለነጋዴ ሰበብ፣ ለደመወዝተኛ ደግሞ የአንድ ወር ደስታ ነው።

ደመወዝ ከተጨመረ ዋጋ ይንራል ብሎ የሚሞግተኝ ሰው ሲገጥመኝ፣ አሁን አሁን አንዲት ጥያቄ ብቻ አቀርብለታለሁ። ባልተጨመረባቸው በእነዚያ ዓመታት ዋጋውን ሲያንረው የነበረው ማን ነበር?