የሰው ወርቅ አያደምቅ

ይህችን ጽሑፍ እንደ ኑዛዜ ቁጠሩልኝ። ዓምና በዚሁ ሰሌዳ ላይ ማንበብ ያቃተውን ተማሪ ስለ መርዳት የሚናገር ጽሑፍ ተለጥፎ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ከግርጌው «ከማኅበራዊ መገናኛ የተገኘ» የሚል ነበረበት። የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ጽሑፉን ያገኘሁት በቴሌግራም ሲሆን፣ የጻፉት አንጋፋ መምህርት ስማቸውን ከላይ አስፍረው ነበር። እኔ ግን የሰሌዳው ቦታ ጠበበኝና እስከ መጨረሻው እንኳ ሳላነብ ስማቸውንም የመጨረሻውን አንቀጽም ቆረጥኩት። አብሮኝ የሚያዘጋጀው ጓደኛዬ «ኧረ እናስፈቅድ» ቢለኝ «በነፃ የተለቀቀ ነገር እኮ ነው! አልሸጥነው፣ ምን ችግር አለው?» ብዬ ዝም አሰኘሁት።

ጽሑፉ ከሚሰጣቸው ምክሮች አንዱ ፊደል ያልለዩ ልጆችን ለብቻ ከፊት ረድፍ አስቀምጦ መርዳት ነበር። ለማስተማር ልምምድ ከአጠና ተራ ብዙም ወደማይርቅ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በተመደብኩ ጊዜ በሁለተኛ ክፍል ያንኑ አደረግሁ። አምስት ልጆች መርጬ ከፊት አስቀመጥኩ። ሳምንት ሳይሞላ የቀሩት ተማሪዎች ያን ረድፍ «የደደቦች ወንበር» አሉት። ከአምስቱ አንዱ ሦስት ቀን ሙሉ ከትምህርት ቀረ። እናቱ ይዘውት ሲመጡ አንገቱን ደፍቶ፣ የቀሚሳቸውን ጫፍ ይዞ ነበር። «ሆዴን አመመኝ ይላል፤ ግን አላመመውም» አሉኝ።

ወሩ ሳያልቅ ለዐውደ ጥናት ወደ ተቋማችን የተጋበዙ አንዲት መምህርት ከሰሌዳው አጠገብ ቆመው ሲያነቡ አየኋቸው። «ይህን የለጠፈው ማን ነው ልጄ?» አሉኝ። ሊያመሰግኑኝ መስሎኝ «እኔ ነኝ ቲቸር» አልኩ። «የኔ ጽሑፍ ነው» አሉ ረጋ ብለው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ይቅርታ ስጠይቃቸው ስለ ስማቸው ብዙም አላነሡም። ያሳዘናቸው የተቆረጠው አንቀጽ ነው። ለካ የፊት ረድፉ ነገር ለልጆች ቅጽል ስም እንደሚያወጣላቸው ከራሳቸው ክፍል አይተው፣ ረድፉ በየሳምንቱ እንዲቀያየርና ጎበዞቹም እንዲቀላቀሉበት ያስጠነቀቁት እዚያው ላይ ኖሯል! «ብትጠይቀኝ ኖሮ ልጄ፣ እኔው ራሴ አሳጥሬ እሰጥህ ነበር» አሉኝ። ስለ ልጁ ግን ያን ዕለት ለመናገር ድፍረት አላገኘሁም።

ከዚያ ወዲህ ሕጉን ማገላበጥ ጀመርኩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ሥነ ጽሑፍና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ደንግጎ ነበር። በኋላም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ደግሞ ተሻሻለ። በዚህ ሕግ መሠረት አንድ ወጥ የሆነ ሥራ በጽሑፍ ከሰፈረበት ጊዜ አንሥቶ ጥበቃ አለው፤ ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። ጥበቃው በደራሲው ዕድሜ ልክና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ደራሲው ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅ፣ ሥራውም ክብሩን በሚነካ መንገድ ሲቆራረጥ የመቃወም መብት አለው። በነፃ ያስነበበ ሰው መብቱን ጥሏል የሚል አንቀጽ ግን ፈልጌ አጣሁ።

ለመምህራን ደግሞ ሕጉ በር አልዘጋብንም። ለማስተማር ተብሎ፣ ለዓላማው በሚበቃ መጠን ብቻ፣ ከታተመ ሥራ ማባዛት ይቻላል፤ ምንጩና የደራሲው ስም ግን በተቻለ መጠን መጠቀስ አለበት። ሐሳቡንም በራሳችን ቃል ብንጽፈው የሚከለክለን የለም። ፈቃዳቸውን አስቀድመው የሚሰጡም አሉ። ዊኪፔዲያ ለምሳሌ ጽሑፎቹን ማንም እንዲያባዛ የሚፈቅደው እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመው ክሪየቲቭ ኮመንስ ባዘጋጀው ፈቃድ ነው። እዚያም ቢሆን ምንጭ መጥቀስ ግዴታ ነው።

በመንገድ ዳር ለመንገደኛ ውሃ በእንስራ ያስቀመጠ ሰው ጠጡ አለ እንጂ እንስራውን ተሸክማችሁ ሂዱ አላለም። በቅኔ ቤትም የሌላውን ቅኔ የራስ አድርጎ ማሰማት ነውር ነው። ታዲያ እኛ ነገ ተማሪ ከጓደኛው ሲኮርጅ የምንቀጣ ሰዎች፣ ደራሲ ስንት ዓመት የደከመበትን መጽሐፍ ሙሉውን ፒዲኤፍ አድርገን በቴሌግራም ስንቀባበል ምን እያልን ነው? እኔ ራሴ ስቀባበል ነበር።

የመምህርቷን ጽሑፍ በፈቃዳቸው፣ ከነስማቸውና ከነመጨረሻው አንቀጽ መልሰን ለጥፈናል። ክፍል ውስጥም ረድፉን በየሳምንቱ ማቀያየር ጀመርኩ። ልጁ መቅረቱን ተወ፤ ልምምዴ እስኪያበቃ ድረስ ግን ጮክ ብሎ እንዲያነብ ስጠራው ዞር ብሎ የጓደኞቹን ፊት ያይ ነበር።

አሁን ከመለጠፋችን በፊት ለጸሐፊው አጭር መልእክት እንልካለን፤ «ጽሑፍዎን ሙሉውን በስምዎ በግድግዳ ጋዜጣችን ብናወጣው ይፈቅዱልናል?» እንላለን። እስካሁን ከጠየቅናቸው አራት ጸሐፊዎች ሦስቱ ፈቀዱ፤ ከእነርሱም አንዱ ስሕተቱን አርሞ ላከልን። አራተኛው እንቢ አለ፤ አልለጠፍነውም። በዚያ ሳምንት የሰሌዳው ጥግ ባዶ የቆየው ለዚህ ነው። እስቲ እናንተም የራሳችሁን ጻፉና ሙሉት።

ከአንድ ዕጩ መምህር
ኮልፌ ቀራንዮ