ጓዙ ሲቀል

የሰው ጠባይ የሚታወቀው ገንዘብ ሲያገኝ ነው ይላሉ፤ ሲቆጣ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ደግሞ ሻንጣ ሲያሰናዳ ነው እላለሁ። ለሦስት ቀን መንገድ ሦስት ጫማ የሚይዝ ሰው አለ። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ "በሉ ደህና ሁኑ" ብሎ የሚወጣም አለ። ካሜራ የሚወድ ሰው ግን ከሁሉም የባሰ ነው፤ ጫማውን ትቶ ሌንስ ይሸከማል። "ምናልባት ቢያስፈልገኝስ" የምትለዋ ቃል የካሜራ ወዳጅ ሁሉ በሽታ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የጥናት ቡድን በትምህርት ዕረፍታችን ወቅት ማስታወሻ ጸሐፊ አድርጎ ቀጠረኝ። ጉዞው በድሬዳዋ በኩል ወደ ሐረር፣ ለሦስት ቀን፣ በአውሮፕላን ደርሶ መልስ። ሥራው በሙያው ያረጁ ልብስ ሰፊዎችን ማነጋገር ሲሆን፣ የእኔ ድርሻ የሚሉትን መጻፍ ነው። አበሉ የሌላ፣ ሰዓቱም የሌላ። ስለ ፎቶግራፍ በውላችን ውስጥ አንድም ቃል የለም። እንግዲህ ካሜራ ከያዝኩ በትርፍ ሰዓቴ፣ በራሴ ትከሻና በራሴ ፊልም መሆኑ ነው። ጆሮዬን የሸጥኩላቸው ሰዎች ዓይኔ ሌላ ቦታ ሲንከራተት እንዲያዩኝ አልፈልግም። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ዕቃዬን ሳወጣና ስከት አይቶ "ወደ ሐረር ነው ወይስ ወደ ጨረቃ?" አለኝ። ቀጥሎም "ስልክ የለህም እንዴ?" አለ። ለዚህኛው ጥያቄ ወዲያው መልስ አልነበረኝም።

ካሜራዬ ዜኒት-ኢ ይባላል። አጎቴ ኪየቭ ተምሮ ሲመለስ ያመጣው የሶቪየት ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ሞስኮ ላይ የተደረገው የኦሎምፒክ ምልክት ግንባሩ ላይ ታትሞበታል። ከነሌንሱ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ባትሪ የሚባል ነገር አያውቅም። ከብርሃኑ ከራሱ ኃይል የሚያገኝ የሴሌኒየም ብርሃን መለኪያ ነበረው፤ እሱ ግን አርጅቶ ሞቷል፤ መርፌው ንቅንቅ አይልም። የሌንሱ ስም ሄሊዮስ፣ ቁጥሩ 58 ሚሊ ሜትር ነው።

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" እንዲሉ፣ ከመንገዱ ሁለት ቀን አስቀድሜ ዕቃውን ሁሉ አልጋዬ ላይ ዘረጋሁት። ከዚያም እየቀነስኩ ሄድኩ። መጀመሪያ የቀረው ረጅሙ ሌንስ ነው፤ ሰውን ከሩቅ ሰርቆ ለማንሳት ካልሆነ በጀጎል ጠባብ መንገድ ምን ይሠራል? ሁለተኛ ፍላሹ ቀረ። ሽማግሌ ስለ ወጣትነቱ በሚያወራበት ክፍል ውስጥ መብረቅ ማውረድ ነውር ነው። ሦስተኛ ባለሦስት እግሩ መቆሚያ፤ እሱን የተከለ ሰው ከሥዕሉ በፊት ሕዝብ ይሰበስባል። የቀሩት እነዚህ ብቻ ናቸው፦ ካሜራው ከአንዱ ሌንስ ጋር፣ ሁለት ባለ 36 ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ የሌንስ መጥረጊያ ጨርቅ፣ እርሳስና አንድ ትንሽ ደብተር። ፊልሞቹን የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ስትመጣ ይዛልኝ ነው፤ በየሱቁ የሚገኝ ዕቃ አይደለምና እንደ ስንቅ ተቆጥሮ ይበላል።

ሁለቱም ፊልሞች ባለ 400 ናቸው። ይኼ በዘፈቀደ አይደለም። መለኪያው ለሞተበት ሰው አንድ የቆየ ደንብ አለ፤ ጠራራ ፀሐይ ላይ የሌንሱን ቀዳዳ 16 ላይ አድርግ፣ ፍጥነቱንም ከፊልሙ ቁጥር ጋር አቀራርብ። የዜኒት-ኢ ትልቁ ፍጥነት የሰከንድ 1/500ኛ ነው፤ የሌንሱም ጠባቡ ቀዳዳ 16 ነው። ስለዚህ ባለ 400 ፊልም ለቀትር ፀሐይ ልክክ ይላል። ጥላ ውስጥ ሲገቡ ቀዳዳውን ወደ 5.6 ወይም ወደ 4 መክፈት ነው። ሱቅ ውስጥ 2 ላይ ከፍቶ፣ ፍጥነቱን ወደ 1/30ኛ አውርዶ፣ ክርንን ከጎድን አጣብቆ ትንፋሽን መያዝ ነው። ቢሳሳቱ እንኳ ጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ ከብርሃን ማነስ ይልቅ የብርሃን መብዛትን ይታገሣል። ምን አለፋችሁ፣ አንድ ዓይነት ፊልም መያዝ ማለት መንገድ ላይ የሚያከራክር ሐሳብ አለመያዝ ማለት ነው።

ፊልም ሁለት ጠላት አለው፤ ሙቀትና የአየር ማረፊያ ጨረር። በጭነት ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ እዚያ ያለው መፈተሻ ኃይለኛ ነው። በእጅ ሻንጣ ውስጥም ቢሆን አዲሶቹ ሲቲ የሚባሉት መሣሪያዎች ያበላሹታል። እኔ ከካርቶኑ አውጥቼ በሚያሳይ ፌስታል ያዝኩትና ፈታሿን "እህቴ፣ ይህን በእጅሽ ብታይልኝ" አልኳት። ገልብጣ ገልብጣ አየችው። "ይኼ ነገር እስካሁን አለ?" ብላ ስቃ መለሰችልኝ። ከዚያ ወዲያ የድሬዳዋን ወበቅ እስክናልፍ በልብሴ መሐል ጠቅልዬ፣ የደንገጎን ዳገት ወጥተን ሐረር ስንደርስ ነው ያወጣሁት።

ሐረር ለሥራ ሄዶ ካሜራ የያዘ ሰው እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ የቡናና የቆዳ ነጋዴዎች ተቀጣሪ ሆኖ እዚያው ኖሯል። ካሜራውን ከሊዮን አስመጥቶ እ.ኤ.አ. በ1883 ራሱን በቡና ተክል መሐል ቆሞ፣ በሙዝ ተክልም መሐል እጁን አጣምሮ አንስቷል። ሥዕሎቹን ለቤተሰቡ ሲልክ፣ ያጠበበት ውሃ መጥፎ በመሆኑ ነጥተው እንደቀሩ በደብዳቤው ገልጿል። ያ ሁሉ ዕቃ ባሕር ተሻግሮ፣ በረሃ አቋርጦ ደርሶ ያሸነፈው ውሃ ነው! ይህን ካወቅሁ ወዲህ ፊልም ሳጥብ ውሃውን ሳላጣራ አልጀምርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መኪና ግርግር በሚባለው፣ ከስፌት መኪናው ድምፅ ስሙን ባገኘው መንገድ ላይ አንድ አዛውንት ሰፊ አነጋገርን። ጥያቄው አልቆ ደብተሬን ካጠፍኩ በኋላ "አባባ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?" አልኳቸው። መርፌውን አቁመው በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ።

"ልጄ፣ እኔን ያላነሳ ፈረንጅ የለም፤ ያገር ልጅም እንደዚያው። ፊቴን መልሶ ያመጣልኝ ሰው ግን እስከዛሬ አላየሁም" አሉ።

ተቆጥተው አይደለም የተናገሩት፤ እንደ ሒሳብ ነው። ለካስ በስልክ ሺህ ጊዜ የሚያነሳ ሰው ስንት ሰው እንዳነሳ እንኳ አያውቅም፤ ያልተቆጠረ ዕዳ ደግሞ አይከፈልም። እኔ 72 ብቻ ነው ያለኝ። የጓደኛዬ ጥያቄ መልስ እዚያ ስፌት መኪና አጠገብ ተገኘ። በትንሿ ደብተር ላይ የሥዕሉን ቁጥር፣ የሰውየውን ስምና የሱቁን አድራሻ ጻፍኩ። እሳቸውም ስማቸውን በትክክል መጻፌን አስነብበው ካረጋገጡ በኋላ ቀና ብለው ተነሱልኝ።

ከዚያ በኋላ ስሙን ያልነገረኝን ሰው አላነሳሁም። ሦስቱ ቀን ሲያልቅ ከሁለተኛው ፊልም 11 ሳይነሳ ተርፎ ነበር፤ አልቆጨኝም። አዲስ አበባ ተመልሼ በ20 ዲግሪ ውሃ አጠብኩ፣ አሳተምኩ፣ በየፖስታው ስም ጽፌ ከቡድኑ አንዱ ለሥራ ወደዚያ ሲመለስ ላክሁት። አዛውንቱ ፎቷቸውን ከስፌት መኪናቸው በላይ ግድግዳው ላይ ሰቅለውታል አለኝ።

አንዱ ፖስታ ግን ተመልሶ መጣ። ክር ሻጯ ሱቋን ዘግታ ሄዳለች፤ ጎረቤቶቿ የት እንደገባች በቅጡ አያውቁም። "ብድር በምድር" ነውና ፖስታው ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። በሚቀጥለው መንገድ ከካሜራውም፣ ከፊልሙም አስቀድሞ ሻንጣ ውስጥ የሚገባው እሱ ነው። ክብደቱ ምንም አይደል።