ሲልቨር ስፕሪንግ በመንዝ ሒሳብ

ሲልቨር ስፕሪንግ ከ80 ሺህ በላይ ሰው ይኖርባታል፤ በሕግ ግን ከተማ አይደለችም። ከንቲባም ማዘጋጃ ቤትም የላትም። ከዋሽንግተን ዲሲ የሚለያት አንድ ጎዳና ነው፤ ወዲያ ማዶ ያለው ቤት ዲሲ፣ ወዲህ ያለው ሜሪላንድ። የሚያስተዳድራት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ካውንቲ በእኛ ቢመደብ ከወረዳ ከፍ፣ ከዞን ዝቅ ይል ይሆናል፤ ሥራው ግን ከሁለቱም ይሰፋል። ትምህርት ቤቱ፣ ፖሊሱ፣ እሳት አደጋው፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ አውቶቡሱ፣ የቆሻሻ መኪናው ሁሉ የእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ቆጠራ 1 ሚሊዮን 62 ሺህ ሰው ተገኝቶበታል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ደግሞ የጎንደር እህት ካውንቲ ነው። መንዝ እስካሁን እህት አላገኘችም፤ ብርዳችንን ሰምተው ይሆናል።

እኔ የመንዟ መሐል ሜዳ ሰው ነኝ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሚገኝ አገር ወርጄ ታናሽ እህቴን ልጠይቅ የመጣሁ መምህር። የሐምሌው ሙቀት የጀማን ሸለቆ ያስንቃል። ቀን ቀን ከቤት መውጣት ስላልሆነልኝ ብዙውን ጊዜዬን ያሳለፍኩት ወጥ ቤት ተቀምጬ የእህቴን ኑሮ በማየት ነው። የምጽፈውም ስለዚሁ ነው፤ ስለ ሙዚየሙና ስለ ሐውልቱ ሌሎች ብዙ ጽፈዋል።

ከአገር ቤት የመጣ ሰው ሁሉ ዋጋ ባየ ቁጥር በብር ያባዛል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ዶላር ከ130 ብር በላይ ስለሆነ ብዜቱ ራስ ምታት ነው እንጂ የሚያስተምረው ነገር የለም። እህቴ ዋጋ የምትቆጥረው በሰዓት ነው። «ጋሼ፣ ይቺ ዶሮ እኮ አሥራ ሰባት ደቂቃ ናት» አለችኝ ኮስትኮ ከሚባለው ትልቅ መደብር ውስጥ። ሒሳቡ እንዲህ ነው፤ ከሐምሌ 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዚህ ካውንቲ ከ50 ሠራተኛ በላይ ያለው ቀጣሪ ከ17 ዶላር ከ65 ሳንቲም በታች በሰዓት መክፈል አይችልም። ተጠብሳ፣ ትኩስ እንዳለች የምትሸጠው ሙሉ ዶሮ 4 ዶላር ከ99 ሳንቲም ናት። እኛ ዘንድ ለፋሲካ አንዲት ዶሮ ለመግዛት የቀን ሠራተኛ አንድ ቀን ሙሉ ድንጋይ ተሸክሞም ላይበቃው ይችላል፤ ደህና ሙክት ደግሞ የመምህር ደመወዝ ይጋፋል።

በዚህ መለኪያ ከፋብሪካ የሚወጣ ነገር ሁሉ እዚህ ርካሽ ነው። ደህና የክረምት ጃኬት ሁለት ሰዓት ተኩል ያወጣል። ጫማ፣ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ ስልክ ሳይቀር የሚቻል ነው። የሰው እጅ የገባበት ነገር ግን አይቀመስም። ፀጉሬን ልስተካከል ብሄድ ከጉርሻው ጋር 30 ዶላር ሆነ፤ ወደ ሁለት ሰዓት መሆኑ ነው፤ ያውም ከጭንቅላቴ ላይ የቀረው ፀጉር ይህን የሚያህል ሥራ የለውም። የቧንቧ ሠራተኛ ገና በሩን ሳያንኳኳ ዋጋው መቁጠር ይጀምራል። ሕፃን የሚጠብቅ ሰው ግን ከሁሉ ይብሳል፤ ገና አንድ ዓመት ያልሞላውን ልጅ ቀን ቀን ለሚያቆይ ተቋም በወር ወደ 2,000 ዶላር ይጠየቃል። በእህቴ መለኪያ 113 ሰዓት ነው። በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው የወሩ ጠቅላላ ሰዓት 173 ነው። ግብሩ ገና አልተነሣም፤ ካውንቲው ብቻውን ከገቢ 3.2 በመቶ ይወስዳል፣ ክፍለ ግዛቱና ፌዴራሉ ደግሞ የየራሳቸውን።

ስለዚህ እህቴና ባሏ ሞግዚት አልቀጠሩም። መፍትሔያቸው ማቀዝቀዣው በር ላይ በማግኔት ተለጥፏል። አንድ ወረቀት ነው፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ የእሷ ሰዓት፣ በቀይ የእሱ። እሷ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት የሌሊት አስታማሚ ናት፤ ከምሽቱ አምስት እስከ ንጋቱ አንድ ሰዓት። እሱ ከጠዋት እስከ ምሽት በመኪናው ሰው ያመላልሳል። ሰማያዊውና ቀዩ የሚገናኙት ጠዋት ሩብ ሰዓት ለማትሞላ ጊዜ ነው። በዚያች ጊዜ ስለ ልጆቹ ይነጋገራሉ፤ ሕፃኑ ስንት ጊዜ ነቃ፣ ስንት ጡጦ ጠጣ፣ ትልቁ የቤት ሥራውን ጨረሰ ወይ። ከዚያ አማቼ ቁልፉን አንሥቶ ይወጣል። ምድጃ ላይ ሽሮ ጥዶላት ነው የሚሄደው፤ በመንዝ ወንድ ልጅ ሽሮ ሲያንተከትክ አይቼ አላውቅም፣ ይኼኛው ግን ከእናቴ ያልተናነሰ ይሠራል። እህቴ እየበላች ሕፃኑ ከነቃ ትይዘዋለች፣ ካልነቃ ትተኛለች። ወረቀቱ ላይ ሁለቱ ቀለሞች ሳይነኩ የቀሩት እሑድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው።

መንዝ ሒሳቡ ግልብጥ ነው። ጃኬቱ ውድ ነው፣ እጁ ርካሽ። የተሰነጠቀ የድንጋይ ካብ ለመጠገን ጎረቤት በደቦ ይመጣል፤ የእኔ ወጪ ጠላና ቆሎ ነው። ልጅ ማቆያ ብሎ ነገር የለም፤ ልጅ አያቱ ጋ ይውላል። ይህን ለእህቴ በኩራት ስነግራት በዝምታ ሰማችኝና «ጋሼ፣ እማዬ ስንት ተከፍሏት ያውቃል?» አለችኝ። ውኃ ስትቀዳ፣ ኩበት ስትጠፈጥፍ፣ ሱፍ ስታባዝትና ስትፈትል፣ እኛንም የእኔንም ልጆች ስታሳድግ ማለቷ ነው። እውነቷን ነው። በእኛ አገር ጉልበት ነጻ የመሰለን ሒሳቡን ለሴቶቹ ከፍለን ስለማናውቅ ነው። እዚህ ያ ሁሉ ሥራ ዋጋ ተለጥፎበታል፤ ዋጋው ሲያስደነግጠን የሚገባንም የሥራው ክብደት ነው።

ወደ ኪራዩ ልምጣ። ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማቸው 2,300 ዶላር ነው፤ 130 ሰዓት፣ ከሦስት ሳምንት ሥራ በላይ። ካውንቲው እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ፣ ሕጉ የሚመለከተው አከራይ በዓመት ከ6 በመቶ በላይ እንዳይጨምር አግዷል፤ ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው በ2024 ነው። አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ የኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ደግሞ ብዙ ቤት የሚሠራ አልሚ የተወሰነውን ገቢያቸው መካከለኛ ለሆኑ ሰዎች በዝቅተኛ ዋጋ እንዲያቀርብ የሚያስገድድ ሕግ አለ፤ በአሜሪካ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው ይባላል። ተመዝጋቢው ግን ብዙ ነው፣ ቤቱ ጥቂት። ተራ ለሚደርሰው ሰው ጥሩ ሕግ ነው።

ሰው ታዲያ ይህን ኪራይ ችሎ ለምን እዚህ ይቀመጣል? አማቼን ጠየቅሁት። «ለትምህርት ቤቱ» አለኝ፤ ሌላ ምክንያት አልጨመረም። የካውንቲው የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ከ150 ሺህ በላይ ተማሪ ያስተምራሉ፣ ክፍያ የለም፣ ቢጫው አውቶቡስ መንገድ ዳር መጥቶ ይወስዳል። የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚገባ የሚወስነው የቤቱ አድራሻ ነው። ስለዚህ ከኪራዩ ውስጥ የተወሰነው የግድግዳና የጣሪያ ሳይሆን የመማሪያ ክፍል ዋጋ ነው። የትልቁ ልጅ ቦርሳ ውስጥ ከትምህርት ቤቱ የተላከ ደብዳቤ አገኘሁ፤ በአማርኛ ነው የተጻፈው፣ ስለ መቅረትና ስለ ማርፈድ። ሰላሳ ዓመት ለወላጅ ደብዳቤ የጻፍኩ ሰው ስለሆንኩ እንደ ባለሙያ አነበብኩት። ሁለት የፊደል ግድፈት ቢኖርበትም ከእኛ ደብዳቤዎች ይልቅ ትሑት ነው፤ «በጥብቅ እናሳስባለን» የሚል የለበትም።

ሀብቱ ከየት መጣ ለሚል መልሱ ቅርብ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ምርምር ተቋም ቤተዝዳ ላይ፣ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥሩ መሥሪያ ቤት ዋይት ኦክ ላይ ነው፤ ሁለቱም በዚሁ ካውንቲ። የተማረ የመንግሥት ሠራተኛ ሰፈር ነው። የአንድ ቤተሰብ መካከለኛ ዓመታዊ ገቢ ከ120 ሺህ ዶላር በላይ የሆነውም ለዚህ ነው። እህቴና ባሏ ተደምረው ከዚያ በታች ናቸው፤ የሚገዙት ግን ከእነዚያ ጋር ከአንድ መደብር፣ የሚከራዩትም ከአንድ ገበያ ነው።

በእሑዷ ከሰዓት አማቼ ፑልስቪል ወደሚባል አካባቢ በመኪና ወሰደን። ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም ሳይርቅ ሕንጻው ሁሉ አለቀና በቆሎ፣ አኩሪ አተር፣ የፈረስ መስክ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1980 ካውንቲው ከመሬቱ ሲሶውን፣ 93 ሺህ ኤከር፣ ለእርሻ ብቻ እንዲቆይ ከለለው። በእኛ ከ900 ጋሻ በላይ ነው። በዚያ ክልል ለ25 ኤከር አንድ ቤት ብቻ ይፈቀዳል። ባለ መሬቱ ቤት የመሥራት መብቱን ሌላ ቦታ ለሚገነባ ሰው መሸጥ ይችላል፤ እርሻው ግን እርሻ ሆኖ ይቀራል።

ይህ ለመንዝ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ጓሳን ጠብቀን ያቆየነው እኛ ነን። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነው ያ ሜዳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ አስቦና ጌራ ከሚባሉት አባቶች ዘመን አንሥቶ፣ ሣሩ ለዓመታት እየተዘጋና እየተከፈተ፣ ክልከላውን የጣሰም እየተቀጣ ነው የቆየው። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ አሮጌውን ሥርዓት ቢያፈርሰውም ሕዝቡ በሌላ መልክ መልሶ አቋቁሞታል፤ ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም ዛሬ ያሉት በዚያ ነው። ልዩነቱ ከክልከላው የሚጎዳው ማን ነው በሚለው ላይ ነው። ጓሳ ሲዘጋ ለቤት ክዳን ሣር የሚያጥረው ራሱ የከለከለው ገበሬ ነበር። እዚህ መስኩ ሲከለል ቤት የሚሠራበት መሬት ይጠባል፣ ዋጋ ይወጣል። ለዚያ ውብ መስክ በየወሩ ከሚከፍሉት አንዷ እህቴ ናት፤ እሷም ያየችው የዚያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። መስኩ ይከለል መባሉን አልቃወምም፤ ከለላው ሲታሰብ የሌሊት ሠራተኛዋ ቤትም አብሮ ይታሰብ ነው የምለው።

ነጻ ነገር የለም ማለቴ አይደለም። የካውንቲው አውቶቡስ እ.ኤ.አ. ከ2025 ክረምት ጀምሮ ለማንም ነጻ ሆኗል፤ ትኬት ፍለጋ ኪሴን ስዳብስ ሾፌሩ በእጁ እለፍ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2015 የተከፈተው ትልቁ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሙቀቱ እስኪበርድ ቁጭ ብዬ አነብ ነበር፤ ማን ነህ ያለኝ የለም። ሕክምና ያው እንደሚወራው ነው፣ ያለ መድኅን መታመም ያስፈራል፤ ነገር ግን የካውንቲው ነዋሪ ለካውንቲው አምቡላንስ ከኪሱ አይከፍልም። መርሐቤቴ ዓለም ከተማ ላይ ሰዎች ለሰዎች የተባለው ድርጅት እናት ሆስፒታልን ከመሥራቱ በፊት በቃሬዛ ቀን ሙሉ ታማሚ ስንሸከም የኖርን ሰዎች የአምቡላንስን ዋጋ እናውቃለን። ደግሞም እዚህ ያሉ የአገራችን ሰዎች ለሐዘን እንደኛው እድር አላቸው፤ አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ በየወሩ ያዋጣሉ።

ታዲያ ይህ ኑሮ ጥሩ ነው መጥፎ? እህቴ መልሳ ወደ መሐል ሜዳ አትመጣም፤ ልጆቿ የሚማሩትን አይቼ እኔም ነይ አልላትም። የጎደላት ገንዘብ ብቻ መስሎኝ ነበር የመጣሁት፣ የጎደላት ግን እንቅልፍ ነው።

አገር ቤት ላላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁና ልጨርስ። ኪራይ የሚከፈለው በፈረንጅ ወር በመጀመሪያው ቀን ነው፤ አሥር ቀን ካለፈ አከራዩ እስከ 5 በመቶ ቅጣት ሊጨምር ሕግ ይፈቅድለታል። በእነዚያ ቀናት ገንዘብ ላኩልን ብላችሁ አትደውሉ። ከወሩ አጋማሽ በኋላ ደውሉ፤ ከመደወላችሁ በፊት ደግሞ እህታችሁ የሌሊት ሠራተኛ መሆን አለመሆኗን ጠይቁ፤ ከሆነች የእናንተ ከሰዓት በኋላ ለእሷ ገና ከሥራ ተመልሳ ዓይኗን የከደነችበት ሰዓት ነው።