ስታዲየሙና የሰፈሩ ልጅ

በመርካቶው ምን አለሽ ተራ መዶሻ አያርፍም። ከፈረሰ ሕንፃ የወጣ የተጣመመ ፌሮ እየተቀጠቀጠ ይቃናል፤ በርሜል ተቀዶ ምድጃ ይሆናል። የምድጃ ዋጋ ልጠይቅ ጎራ ስል ወሬው የአደይ አበባ ስታዲየም ነበር።

«ግንባታው በ2008 ተጀመረ፤ ብሔራዊ ቡድናችን ግን በሰው አገር ሜዳ ሲንከራተት ስንት ዓመቱ!» አለ ወጣቱ።

«60 ሺህ ሰው የሚይዝ ነገር በአንድ ጀንበር አይሠራም፣ ልጄ» አሉት ሽማግሌው፣ ፌሮውን እያገላበጡ።

«ቢያልቅስ ጋሼ፣ እኔ የት ልጫወት ነው?»

እውነቱን ነው። ስታዲየሙ ይጠናቀቅ፤ ለአገር ይገባል። እንደ መርካቶ በተፋፈገ ሰፈር ለሚያድግ ልጅ ግን ከደጁ አጠገብ ኳስ የሚያንከባልልበት ሜዳ ይቀድማል። የከተማውን ፕላን የምታወጡ፣ እባካችሁ ለአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ልጆችም ቦታ ተዉላቸው።