ተጓዥ መምህርት፣ ነዋሪ ተማሪ

በኢትዮጵያ ነባር የትምህርት ሥርዓት ዕውቀትን ፍለጋ አገር የሚያቋርጠው ተማሪው እንጂ መምህሩ አልነበረም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ደርቦ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ቅኔ ቢሻ ወደ ዋሸራ፣ ድጓ ቢሻ ወደ ቤተልሔም ይጓዛል። በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የለመነውን ቁራሽ ከባልንጀሮቹ ጋር ተካፍሎ ያድራል፤ ዝናብ ይመታዋል፣ ውሻ ያሳድደዋል። መምህሩ ግን ከደብሩ ጥላ ሥር ተቀምጦ የመጣውን ይቀበላል። በዚህም ምክንያት ተማሪው ከትምህርቱ ባሻገር ሌላ ትርፍ ነበረው፤ የማያውቀው ሰው ሲያበላውና የማያውቀውን አነጋገር ሲለምድ አገሩን ይማር ነበር። መንገዱ ራሱ ሁለተኛ መምህሩ ነበር ማለት ይቻላል።

የዘመናዊ ትምህርት መቋቋም ይህን ሥርዓት ገለበጠው። እ.ኤ.አ. በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈት መምህራን ከግብፅ መጡ። የፋሺስት ወረራ እ.ኤ.አ. በ1941 ካከተመ ወዲህ እንግሊዝኛ ቀደም ሲል ፈረንሳይኛ ይዞት የነበረውን ስፍራ ሲወርስ፣ የእንግሊዝ መምህራን ተበራከቱ፤ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትም እ.ኤ.አ. በ1946 ተከፈተ። ከህንድ የመጡ መምህራንም በየክፍለ ሀገሩ ተሠማርተው አንድ ትውልድ አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1962 ደግሞ የአሜሪካ የሰላም ጓድ የመጀመሪያ ቡድን፣ ወደ 280 የሚጠጉ ወጣቶችን ይዞ አገር ውስጥ ገባ። አብዛኞቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ፤ ተከታዮቻቸውም እየተፈራረቁ እስከ 1977 ቆዩ።

እንግዲህ መምህሩ ተጓዥ፣ ተማሪው ነዋሪ ሆነ። ከዚህ ላይ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ፣ የመንገዱ ትርፍ ለማን ሆነ የሚለው ነው። ለዚህ አንድ የታወቀ ምስክር አለ። በ1960ዎቹ በሰላም ጓድ አባልነት የመጣው አሜሪካዊው ቻርልስ ሰተን መሰንቆ መምታት ተማረ። ግብፃዊው የሙዚቃ ሰው ሐሊም ኤል ዳብ እ.ኤ.አ. በ1963 ካቋቋመውና ኋላም ተስፋዬ ለማ ከመራው ከኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ጋር ለመጫወት በቃ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ኦርኬስትራው በአሜሪካ ልዩ ልዩ ከተሞች ተዘዋውሮ ባሳየው ትርዒትም ተካፋይ ሆነ። ሊያስተምር የመጣ ሰው ተምሮ ሄደ። የዚህ ዓይነቱ እንግዳ ብዙ ባይሆንም ምሳሌነቱ የጎላ ነው፤ መንገደኛ መምህር ጆሮውን ከከፈተ እንደ ቆሎ ተማሪው ሁለተኛ መምህር ያገኛልና። ነዋሪው ተማሪ ግን ወንበሩን ሳይለቅ ከሌላው ሰው ጉዞ ምን ያተርፋል?

ለዚህ ጥያቄ ከካዛንቺስ የተሻለ የመመርመሪያ ስፍራ በቀላሉ አይገኝም። ስሙ ራሱ እንግዳ ነው፤ በወረራው ዘመን ለኢጣሊያ መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋም ምኅጻረ ስም የመጣ ሲሆን፣ ነዋሪው በአንደበቱ አሽቶ የራሱ አደረገው። ወራሪው ሲባረር ቤቶቹ ቀሩ፤ ስሙም አማርኛ ሆነ። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1958 ተቋቁሞ የአፍሪካ አዳራሽም በ1961 ከተመረቀ በኋላ፣ የመላው ዓለም ቋንቋ በሠፈሩ ዳር ይሰማ ጀመር። ከአዳራሹ ጥቂት እርምጃ ወረድ ሲል ግን ጉሊት፣ ጠጅ ቤት፣ ጀበና የተጣደባት ጠባብ ደጃፍ ነበሩ። ሕፃናቱ ነጭ ሰው ሲያልፍ «ዩ! ዩ!» ብለው ይጣሩ ነበር። ብዙ መንገደኛ በዚህ ጥሪ ይቆጣል። ነገር ግን ሕፃኑ የሚያውቃት የእንግሊዝኛ ቃል እርስዋ ብቻ ስለሆነች ያለችውን አንዲት ሳንቲም መወርወሩ ነው።

ከካዛንቺስ መፍረስ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ አንዲት ወጣት የውጭ አገር ሴት በዚህ ሠፈር በሚገኝ መዋዕለ ሕፃናት እንግሊዝኛ ልታስተምር መጣች። ዓለምን እየዞሩ፣ በየደረሱበት ሕፃናትን እያስተማሩ ከሚኖሩት ወጣቶች አንዷ ነበረች። በአንድ አሮጌ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራየች። የግቢው ባለቤት፣ ሠፈርተኛው «እትዬ» የሚላቸው ባልቴት፣ በመጀመሪያው ሳምንት መብራት ሲጠፋ እንግዳዪቱ ሻማ ለመግዛት ወጥታ ቃሉ ጠፍቶባት በሱቁ ደጃፍ ስትንተባተብ አገኟት። እሷ ጣትዋን ወደ ላይ አቁማ «እፍ» ብላ አሳየች። ባለሱቁ ሳቀ፣ ሻማውን ሰጣት፣ ቃሉንም ነገራት። እትዬም «አይዞሽ ልጄ፤ አፍ ሲፈታ እንዲህ ነው» ብለው ክንዷን ይዘው አስገቧት። ከዚያ ወዲያ ሠፈሩ ሁሉ አስተማሪዋ ሆነ። ስታበላሽ ይሳቃል፤ ቢሳቅም ይታረምላታል፤ ቡና ትጠራለች።

የምታስተምርበት ቤት ሕግ ግን ሌላ ነበር። በግቢው ውስጥ አማርኛ የተናገረ ሕፃን አንገቱ ላይ ካርቶን ይንጠለጠልበታል፤ ካርቶኑንም የሚያወርደው ሌላ አማርኛ የተናገረ ጓደኛውን ሲያጋልጥ ነው። ከተማሪዎቹ መካከል አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረ። እናቱ በታክሲ መያዣው አጠገብ ሻይና ብስኩት ትሸጣለች፤ ወርኃዊ ክፍያውንም ከዚያችው ትቆጥባለች። ይህ ልጅ በቤቱ ተረበኛ ነው የሚባልለት ሲሆን በክፍል ውስጥ ዝም አለ። አንድ ቀን ወደ ሽንት ቤት ለመሄድ ፈቃድ የሚጠየቅበት ቃል ጠፋበት። በአማርኛ እንዳይናገር ካርቶኑን ፈራ። ወንበሩ ላይ ረጠበ።

መምህርቷን የነካት ከሁሉ በላይ ይህ ነበር። እርስዋ በሰው አገር ቃል ጠፍቶባት ሻማ ተሰጥቷታል፤ ልጁ በገዛ አገሩ ቃል ጠፍቶበት አፍሯል። ለእንግዳው የተፈቀደው ስሕተት ለነዋሪው ተከልክሏል። ጉዳዩን ለርእሰ መምህሩ ስታቀርብ፣ ወላጆች የሚከፍሉት ለእንግሊዝኛ እንደሆነ ተነገራት። ይህ መልስ ሐሰት አልነበረም። ነገሩ በተወራ ጊዜ የልጁ እናት ራሷ፣ «እኔ በር ላይ የቀረሁት ቋንቋ ባለማወቄ ነው፤ እሱ እንዳይቀርብኝ» ብላ ሕጉን ደግፋለች። የእናቲቱን ቃል በቀላሉ ማጣጣል አይገባም። ከአፍሪካ አዳራሽ በር ጥቂት ርቃ ሻይ የምትሸጥ ሴት እንግሊዝኛ ምን እንደሚከፍትና ምን እንደሚዘጋ ከማንም ምሁር ይልቅ ታውቃለች።

መምህርቷ ሕጉን ለማስነሣት አልቻለችም። አርብ አርብ ግን ከምሳ በፊት ያለችውን ግማሽ ሰዓት ለምና አገኘች። በዚያች ሰዓት ካርቶኑ ከመሳቢያ አይወጣም። እርስዋ ከእትዬ የተማረችውን «ተረት ተረት» ትላለች፤ ሕፃናቱ በአንድ ድምፅ «የላም በረት» ብለው ይመልሳሉ። ከዚያ አንዱ ልጅ ስለ ጦጣ ወይም ስለ ጅብ በአማርኛ ይተርካል፤ እርስዋ ስትሰማ ያልገባትን ትጠይቃለች፤ ሕፃናቱም እየተሻሙ ያስረዷታል። ተረቱ ሲያልቅ ጦጣዋ፣ ጅቡ፣ ዛፉ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባሉ በተራዋ ትነግራቸዋለች፤ ተረቱም በአዲሱ ቃል እንደገና ይነገራል። ዝምተኛው ልጅ በአራተኛው አርብ ተነሥቶ የጅብን ድምፅ አሰማ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። በሚቀጥለው ሳምንት ጅብ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ። መጀመሪያ አንደበቱ ተመለሰለት፤ ሁለተኛው ቋንቋ የገባው በተከፈተው በር ነው።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ሕፃናት በመጀመሪያ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ፣ እንግሊዝኛም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ ደንግጓል። ከዚያም አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1979 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች አስተምሮ፣ ሰው በሚያውቀው ቋንቋ ሲማር ፊደል ምን ያህል እንደሚቀርበው አሳይቷል። ይሁን እንጂ በብዙ መዋዕለ ሕፃናት ደጃፍ የሚሸጠው ሌላ ነው፤ የሚሸጠው የዝምታ እንግሊዝኛ ነው። ካዛንቺስን የሚያቅፈው ክፍለ ከተማ ስሙን ያገኘው ከሕፃኑ ከቂርቆስ ነው። በትውፊቱ እንደሚነገረው ቂርቆስ የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ እናቱ ኢየሉጣ የፈላውን ጋን አይታ ስትፈራ አጽንቶ የተናገራት እርሱ ነበር። ሕፃን ከተናገረ እናቱን ያጸናል። በሕፃን አንደበት ስም በሚጠራ ክፍለ ከተማ ሕፃንን ለማስተማር ሲባል አንደበቱን መዝጋት ሊያሳስብ የሚገባ ነገር ነው።

መምህርቷ በሰኔ ወር ሄደች፤ መንገደኛ ናትና። እትዬ ድርቆሽና በርበሬ ቋጥረው ሸኟት። አርብ የነበረችው ግማሽ ሰዓት ከእርስዋ ጋር ሄደች፤ በሚቀጥለው ዓመት የመጣው ሰው ስለ እርስዋ የሚያውቀው ነገር አልነበረምና። የተጓዥ መምህር ድካም እዚህ ላይ ነው። የተማረውን ይዞ ይሄዳል፤ ያስተማረው ደግሞ የሚረከበው ነዋሪ ካላገኘ በነው ይቀራል። ስለዚህ ግማሽ ሰዓቷን ሊረከብ የሚገባው በዚያው ሠፈር የሚኖረው፣ ሕፃናቱን በስማቸው የሚያውቀው፣ ደመወዙም ከእንግዳዋ ያነሰው ኢትዮጵያዊ መምህር ነበር። ተረቱን ከማንም ይልቅ የሚያውቀው እሱ ነውና ሰዓቷ ለእሱ በተሰጠች ነበር።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ደርሶ አሮጌዎቹ ግቢዎች ፈረሱ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ከተማዪቱ ዳርቻ ተዛወሩ። ነዋሪው ተማሪ በተራው ተጓዥ ሆነ። በአዲሱ ሠፈር፣ በአዲሱ ክፍል፣ ማንንም በማያውቅበት ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያስፈልገውን ይጠይቃል። የሚጠይቅበት ቃል ቢጠፋው፣ ከፊቱ የቆመው መምህር የሚሰጠው ሻማ ነው ወይስ ካርቶን? ማናቸውም የቋንቋ ትምህርት፣ እንግሊዝኛም ቢሆን አማርኛ፣ መመዘን ያለበት በዚህ ጥያቄ ነው።