ላፕቶፑን ማን ይምረጥ?

የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ የዩኒቨርሲቲ ምደባው ሲታወቅ በየቤቱ የሚጀመረውን ሩጫ ታውቁታላችሁ። ብርድ ልብስና አንሶላ ይገዛል፤ በሶው ይፈጫል፤ ዳቦ ቆሎው ይጠበሳል፤ ሻንጣ ይፈለጋል። ከዚህ ሁሉ መካከል ግን የሌሎቹ ዋጋ ተደምሮ እንኳን የማይደርስበት አንድ ዕቃ አለ፤ ላፕቶፕ። ስለ እሱ ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምንነሳው «የቱን እንግዛ?» ከሚለው ጥያቄ ነው። እኔ ግን ዘንድሮ የበኩር ልጄ ጅማ ስትመደብ ቤታችን ውስጥ ካየሁት ተነስቼ፣ ከዚያ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ እላለሁ፤ «ማን ይምረጥ?»

ገንዘቡ ቀላል አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ላፕቶፕ ደግሞ በዶላር የሚመጣ ዕቃ ነው። በእኛ ቤት ገንዘቡ የተገኘው ከዕቁብ ነው። ዓመቱን ሙሉ ስንጥል ከርመን የወጣልን ብር ላፕቶፑንም፣ የታናሽ ወንድሟን የትምህርት ቤት ክፍያም እንዲሸፍን ታስቦ ነበር። ለአንዱ ሲበዛ ከሌላው ይጎድላል።

ምክር ግን አላጣንም። ባለቤቴ «አራት አምስት ዓመት ስለሚያገለግላት አንዴ አዲሱንና ጠንካራውን እንግዛ» አለ። አሜሪካ የሚኖረው አጎቷ «ግማሹን ከቻላችሁ ማክቡክ ልላክላት» ሲል ደወለ። ጌም የሚወደው የእህቴ ልጅ ከኋላው ቀይ መብራት የሚያበራውን ትልቁን አሳየን። እኔም ከመሥሪያ ቤቴ የአይቲ ባለሙያ ዝርዝር ተቀብዬ መጣሁ። ሁላችንም ስለ ማሽኑ እናወራ ነበር። አንድ ምሽት እራት ላይ ልጄ «እማ፣ ተሸክሜው የምዞረው እኔ ነኝ እኮ» አለች።

ባለቤቴ ወዲያው አልተዋጠለትም። «ብትሳሳትስ?» አለኝ ማታ ለብቻችን ስንሆን። ሳስበው፣ ይህች ልጅ ከጥቂት ወራት በኋላ ዲፓርትመንት ትመርጣለች። ያን ጊዜ እኛ ጎኗ አንሆንም፤ ብንሆንም መማር የምትችለው እሷ ናት። ላፕቶፕ ላይ የሚደረግ ስህተት ከዚያ ስህተት ይረክሳል። እናም በሦስት ነገር ተስማማን። አንደኛ፣ የገንዘቡን ጣሪያ እኛ እንወስናለን። ሁለተኛ፣ ምርጫው የእሷ ይሆናል፤ ነገር ግን ምክንያቱን ጽፋ ታሳየናለች። ሦስተኛ፣ ከጣሪያው በታች ገዝታ የተረፈው ብር በራሷ ሒሳብ ደብተር ይገባል። ይህ ሦስተኛው ነገር ያመጣውን ለውጥ ብታዩት ይገርማችኋል። እስከዚያ ቀን ድረስ የሚያምረውን ስታይ የነበረች ልጅ በማግስቱ ዋጋ ማወዳደር ጀመረች።

ወረቀቱ

መጀመሪያ ያደረገችው ግቢ የገቡ ልጆችን በቴሌግራም መጠየቅ ነበር። የነገሯት ነገር ለእኛም አዲስ ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ ገቢ ተማሪዎች መጀመሪያ የሚወስዱት የጋራ ኮርሶችን ነው። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊና የመሳሰሉት ማለት ነው። ለእነዚህ የሚያስፈልገው በፒዲኤፍ የሚመጣ ሃንድአውት ማንበብ፣ አሳይንመንት መጻፍ፣ ፕረዘንቴሽን ማዘጋጀትና አልፎ አልፎ ቪዲዮ ማየት ነው። ይህን ለመሥራት የጌም ማሽን አያስፈልግም።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ልጄ ምኞቷ ምህንድስና ነው። የሲቪል መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት ኢታብስና የሜካኒካል ተማሪዎች የሚሠሩበት ሶሊድወርክስ የተዘጋጁት ለዊንዶውስ ብቻ ነው። ስለዚህ ማክቡክ ባትሪው የሚያስመሰግንና ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ማሽን ቢሆንም ለእሷ ምኞት አልገጠመም። አጎቷን ራሷ ደውላ አመሰገነችው፤ ምክንያቱንም አስረዳችው። እሱም ቅር ሳይለው በሰው እጅ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላከላት። ልጃችሁ ሕግ ወይም ቋንቋ የሚያጠና ከሆነ መልሱ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ አርክቴክቸር ከሆነ ደግሞ ራሱን የቻለ የግራፊክስ ካርድ ያስፈልግ ይሆናል። ዲፓርትመንቱ ሳይታወቅ ለሁሉም የሚበቃ ማሽን ልግዛ ማለት፣ ልጁ ምን ያህል እንደሚያድግ ሳያውቁ የሠርጉን ልብስ እንደማሰፋት ነው።

ወረቀቷ ላይ በመጨረሻ የሰፈረው አጭር ነበር። «ዊንዶውስ። 14 ኢንች፣ ቀላል። ራም 8 ጊጋባይት፣ በኋላ የሚጨመርበት ቦታ ያለው። ኤስኤስዲ 256 ጊጋባይት። መብራት ሲጠፋ ቢያንስ አራት ሰዓት የሚቆይ ባትሪ። ያገለገለም ቢሆን።»

ይህን «ያገለገለም ቢሆን» የሚለውን ሳነብ ለአፍታ ቆም አልኩ። ወላጅ ለልጁ አዲስ መግዛት ይፈልጋል። ልጅን ከቤት ስንሸኝ መናገር የሚያቅተንን ሁሉ ዕቃው እንዲናገርልን የምንፈልግ ይመስለኛል። ግን ቃላችን ቃል ነበርና ዝም አልኩ።

ሱቁ

አንድ ቅዳሜ መገናኛና ቦሌ ያሉ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆችን አብረን ዞርን። የእኔ ድርሻ ከኋላ መሄድና አለመናገር ነበር። ሻጮቹ «ማዘር፣ ይሄ ፍሬሽ ነው» ሲሉኝ ጣቴን ወደ ልጄ እጠቁማለሁ። የያዘችውን የመፈተሻ ዝርዝር ለእናንተም ይጠቅማል ብዬ ላካፍላችሁ።

«ኮር አይ 7» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ዋናው ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። አይ 5 ተብሎ 6200 ካለ 6ኛ ጄኔሬሽን፣ 8250 ካለ 8ኛ፣ 1135 ካለ 11ኛ ነው። የድሮ አይ 7 ከአዲስ አይ 5 ሊዘገይ ይችላል። ያገለገለ ለሚገዛ ሰው ደግሞ 8ኛ ጄኔሬሽን ድንበር ነው። ዊንዶውስ 10 መደበኛ የደህንነት ማሻሻያ ማግኘት ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ8ኛው በታች ያሉትን የኢንቴል ማሽኖች ከጥቂቶቹ በስተቀር በይፋ አይቀበልም። ርካሽ ሆኖ የሚቀርብላችሁ 5ኛና 6ኛ ጄኔሬሽን ለምን እንደረከሰ አሁን ገባችሁ።

ማከማቻው ኤስኤስዲ ይሁን እንጂ የድሮው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አይሁን። በመክፈቻና በፍጥነት ያለው ልዩነት ለማንም ይታያል፤ ላፕቶፑ ቢነቃነቅም ኤስኤስዲ ይችላል። ራሙ ከቦርዱ ጋር የተጣበቀ ከሆነ በኋላ መጨመር አይቻልም፤ ስለዚህ ጠይቁ። ነጭ ገጽ ከፍታችሁ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ፈልጉ። የኪቦርዱን ቁልፎች አንድ በአንድ ተጫኑ። ዋይፋዩን፣ ካሜራውን፣ ድምፁን፣ የፍላሽ መሰኪያዎቹን ሁሉ ሞክሩ። ማጠፊያው እንዳልላላ እዩ። አጥፍታችሁ ስታስነሱ የማታውቁት የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ከሆነ ተዉት፤ ከድርጅት የወጡ ማሽኖች አንዳንዴ ተቆልፈው ይመጣሉ።

ከሁሉም በላይ ባትሪውን። ዊንዶውስ ራሱ የሚያወጣው የባትሪ ሪፖርት አለ። ባትሪው ሲሠራ ምን ያህል ይይዝ እንደነበርና አሁን ምን ያህል እንደሚይዝ በቁጥር ያሳያል። ልጄ ይህን ስትጠይቅ የአንዱ ሱቅ ልጅ ፊቱ ተለዋወጠ፤ «ይሄን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፣ ካመንሽ ውሰጂ» አላት። አመስግና ወጣች። ቀጣዩ ሱቅ ውስጥ ያለው ልጅ ግን ሳይለመን አወጣላት። ባትሪው ሲሠራ ይይዝ ከነበረው ከሰማንያ ከመቶ በላይ ይይዝ ነበር። ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው ከሚገዟቸው ዓይነት ጠንካራ ማሽኖች አንዱ፣ ያገለገለ ቲንክፓድ ነው። ክዳኑ ላይ ጭረት አለበት። የዋስትናው ጊዜና የላፕቶፑ ሴሪያል ቁጥር ደረሰኙ ላይ እንዲጻፍላት አድርጋ ከፈለች። ከጣሪያው አንድ ሦስተኛ የሚሆነው ተረፈ።

ግቢው

ላፕቶፕ መግዛት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ መያዝ ግን የየዕለቱ ነው። ዶርም ውስጥ ሶኬቱ ጥቂት፣ ተማሪው ብዙ ነው፤ መብራትም ይሄዳል። ስለዚህ መብራት ባለበት ሰዓት መሙላት ልማድ መሆን አለበት። ማሽኑ ሁልጊዜ ሶኬት ላይ ተሰክቶ የሚዋል ከሆነ ደግሞ ብዙ ላፕቶፖች 80 ከመቶ ላይ እንዲያቆሙ የሚያደርግ ምርጫ ስላላቸው የባትሪውን ዕድሜ ያራዝማል። አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ መሥራት የአየር መውጫውን ስለሚዘጋ ያግለዋል፤ ከሥሩ አንድ ጠንካራ ደብተር ይበቃል።

ቫይረስ በብዛት የሚገባው በፍላሽ ነው፤ በተለይ ብዙ ሰው ከሚመላለስባቸው የፎቶ ኮፒና የፕሪንት ቤቶች። ልጄ ወረቀት ልታሳትም ስትሄድ ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርጋ በቴሌግራም ትልካለች እንጂ ፍላሽ አትሰካም። የምትጽፈውን ሁሉ ሦስት ቦታ ታስቀምጣለች፤ ላፕቶፑ ላይ፣ አጎቷ በላከው ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ደግሞም ጎግል በነፃ በሚሰጠው 15 ጊጋባይት ላይ። ላፕቶፕ ቢሰረቅ ያሳዝናል፤ ከነመመረቂያ ጽሑፉ ቢሰረቅ ግን ዓመት ይበላል። ሴሪያል ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ የግቢ በር ላይ ላፕቶፕ ሲመዘገብም ሆነ ሲጠፋ የሚጠየቀው እሱ ነው። ለሎከሯ የገዛንላት ጥሩ ቁልፍ ከላፕቶፑ ቦርሳ የበለጠ ጠቅሟታል።

ዘንድሮ መግዛት ለማይችል ቤተሰብ አንድ ነገር ልበል። የመጀመሪያውን ዓመት በስልክና በግቢው የኮምፒውተር ክፍል የሚያልፉ ብዙ ተማሪዎች አሉ፤ ዲፓርትመንት እስኪታወቅ መጠበቅም አንዱ ብልህ ምርጫ ነው። መዘግየት የሌለበት ልምምዱ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የሚወስዱት የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር የሚሰጥ ስለሆነ፣ አይጥና ኪቦርድ ለመለማመድ የመጨረሻው ዓመት መጠበቅ የለበትም።

ባለፈው ወር ልጄ ስትደውል፣ በወሬያችን መሀል «ለካ ሳልነግርሽ፣ ቻርጀሬ ተበላሽቶ ነበር» አለችኝ። በስንት እንደገዛች፣ ዋቱ ከድሮው ጋር መግጠሙን እንዴት እንዳረጋገጠች ነገረችኝ። ገንዘቡ ከዚያ ከተረፈው ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሳትነግረኝ መጨረሷ ትንሽ ቅር አሰኘኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ለባለቤቴ ያወራሁት በኩራት ነበር። የታናሽ ወንድሟም ክፍያ ከዚያው ዕቁብ በጊዜው ተከፍሏል።

አሁን የዲፓርትመንት ምርጫ እየቀረበ ነው። እንደገና ወረቀት አውጥታ መጻፍ ጀምራለች፤ በአንድ በኩል ሲቪል፣ በሌላ በኩል ሶፍትዌር። ባለቤቴ ሐሳቡን ሲጠየቅ ይናገራል፤ ሳይጠየቅ ላለመናገር የሚያደርገውን ትግል እኔ ነኝ የማየው። እናንተም በመጪው ክረምት ሱቅ ስትገቡ የገንዘቡን ጣሪያ ወስኑ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ስጡ፣ ከዚያ አንድ እርምጃ ወደኋላ በሉ። ሻጩ «ማዘር» ወይም «ፋዘር» ብሎ ሲዞርባችሁ መልሱን ልጃችሁ ይመልስ።