ሬስለሩን ሆቴል ላይ ብታገኘው? ስለ አድናቂ አዳብ ጥቂት ነጥቦች



የዛሬው ርዕስ አንዳንዶቻችሁን ግር ሊላችሁ ይችላል። ስለ ሬስሊንግ ነው። ማየቱ ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን ለዑለማዎቹ ልተወውና፣ ትንሽ የሚመስል ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ጉዳይ ላንሳ፦ በቴሌቪዥን የምንወደውን ተፋላሚ ምግብ እየበላ፣ ልጁን ይዞ ወይም ደክሞት ሻንጣ እየጎተተ ብናገኘው፣ እንዴት ነው የምንቀርበው?

ጥያቄውን ያመጣብኝ ጅዳ ሆቴል ውስጥ የሚሰራ የሰፈራችን ልጅ ነው። እንደምታውቁት እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደብልዩ ደብልዩ ኢ ትልልቅ ዝግጅቶቹን ሳዑዲ ላይ ማካሄድ ጀምሯል፤ መጀመሪያ ጅዳ፣ ቀጥሎም ሪያድ። ልጁ በድምፅ መልዕክት እንዲህ አለኝ፦ "ኡስታዝ፣ ሬስለሮቹ እኛ ሆቴል ሊያርፉ ነው እየተባለ ነው። ሻንጣ የማደርሰው እኔ ነኝ። ሊፍት ውስጥ ብቻችንን ስንሆን አንዴ ፎቶ ብለው ነውር አለው?"

መጀመሪያ ሳቅኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን ጥያቄው የሚያስቅ አልነበረም። አንደኛ፣ እንጀራው ያለው እዚያ ሆቴል ውስጥ ነው። ሁለተኛ፣ ከመቅረቡ በፊት መጠየቁ ራሱ ብዙዎቻችን የሌለን አዳብ ነው።

ጉጉቱ ይገባኛል። የኛ ትውልድ ከቂርኣት ሲወጣ ቪዲዮ ቤት በር ላይ ተኮልኩሎ ያደገ ነው። የአንደርቴከር ደወል ሲመታ መብራቱ ሲጠፋ እውነት ሙት የተነሳ መስሎን እርስ በርስ እንያያዝ ነበር። ጆን ሲና እጁን ፊቱ ላይ ሲያወዛውዝ እኛም እናወዛውዝ ነበር። ሀያ አመት ሙሉ ስታየው የኖርከው ሰው በሩቅ ያለ ዘመድ ይመስልሃል። ችግሩ ትውውቁ በአንድ ወገን ብቻ መሆኑ ነው። አንተ ሀያ አመት ታውቀዋለህ፤ እሱ አንተን ለአንዲት ደቂቃም አያውቅህም። ለእሱ ከጀርባው በፍጥነት እየመጣ ያለ እንግዳ ሰው ነህ።

ይህ የታዋቂ ሰው ሁሉ ችግር ነው ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ በሬስሊንግ ግን ይብሳል። ኳስ ተጫዋች ሜዳ ላይም ከሜዳ ውጭም በአንድ ስሙ ነው የሚታወቀው። ሬስለር ግን ገጸ ባህሪ ይጫወታል። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ተወስኗል፤ መውደቁና ጉዳቱ ግን የእውነት ነው። ጥሩ ሰው ሆኖ የሚጫወት አለ፣ ክፉ ሆኖ የሚጫወት አለ። ድሮ ይህ ምስጢር ስለነበር ሬስለሮቹ ከሪንግ ከወረዱም በኋላ ገጸ ባህሪውን ይዘው ይዞሩ ነበር። "ጠላት" የሆኑ ሁለት ሰዎች በአንድ መኪና አይሄዱም፣ በአንድ ገበታ አይታዩም። እ.ኤ.አ. በ1987 ኒው ጀርሲ ውስጥ ፖሊስ አንድ መኪና ሲያስቆም፣ በወቅቱ ሪንግ ላይ ደመኛ የነበሩት አይረን ሺክና ጂም ዱጋን አብረው ተቀምጠው ተገኙ። ወሬው ሲሰማ ትልቁ አሳፋሪ ነገር ሁለቱ ጠላቶች አብረው መሆናቸው ነበር! በ1989 ደግሞ ድርጅቱ ራሱ ለኒው ጀርሲ ሴኔት ስራችን ትርኢት ነው ብሎ አመነ።

ምስጢሩ ከወጣ ይኸው ብዙ አስርት አመታት አለፉ። አድናቂው ግን አሁንም መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ገጸ ባህሪውን ነው የሚፈልገው። ክፉ ሆኖ የተጫወተውን ይሰድበዋል። ጀግና የሆነውን ትከሻውን በጥፊ ይመታዋል፣ አንገቱን ሊያንቅ ይሞክራል፤ "ቀልድ ነው" ይላል። ያ ትከሻ ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሊሆን እንደሚችል አያስብም።

በዚህ ነገር ሜክሲኮዎች ከሁሉም የተሻለ ዘዴ አላቸው እላለሁ። እነሱ ዘንድ ብዙዎቹ ተፋላሚዎች ጭምብል ያጠልቃሉ። ከሁሉም የታወቀው ኤል ሳንቶ አስርት አመታት ሙሉ በጭምብል ተፋልሟል፣ ከ50 በላይ ፊልም በጭምብሉ ሰርቷል። ፊቱን በከፊል ለህዝብ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1984 መጀመሪያ በቴሌቪዥን ሲሆን፣ በዚያው አመት የካቲት ውስጥ ሞተ፤ የተቀበረውም ከነጭምብሉ ነው። በባህላቸው ተፋላሚ ጭምብሉን አስይዞ ከተሸነፈ እዚያው ሪንግ ላይ ያወልቀዋል፣ እውነተኛ ስሙንም ይናገራል። ያን ያህል ክብደት ያለው ነገር ነው። ለጨዋ አድናቂ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ጭምብሉን ሲያጠልቅ የህዝብ ነው፣ ሲያወልቅ የቤተሰቡ ነው። ጭምብል የሌለው ሬስለርም ይህ መስመር አለው፤ ልዩነቱ መስመሩ በዓይን አለመታየቱ ብቻ ነው። በልብ መታየት አለበት።

አሁን ደግሞ ኑሯቸውን እንይ። የትልልቆቹ ዝግጅቶች ቀንና ከተማ አስቀድሞ ስለሚነገር፣ በማግስቱ ጠዋት ሬስለሮቹ በአቅራቢያው ካለው ኤርፖርት እንደሚበሩ ማንም ይገምታል። ለረጅም አመታት ብዙዎቹ በአመት ከግማሽ በላዩን ቀን መንገድ ላይ ያሳልፉ ነበር፤ የኪራይ መኪናውንና ሆቴሉንም ባብዛኛው ከኪሳቸው ይከፍሉ ነበር። ሌሊት ተፋልሞ፣ መኪና ነድቶ፣ ሶስት ሰዓት ተኝቶ ኤርፖርት የደረሰ ሰው አስቡ። በሩ ላይ የሚጠብቁት ሁሉ አድናቂዎች አይደሉም። አንዳንዶቹ ሀያ ፎቶ ይዘው ያስፈርሙና ኢንተርኔት ላይ የሚሸጡ ነጋዴዎች ናቸው። "እምቢ" ሲባሉ "ትዕቢተኛ!" ይላሉ፣ ቪዲዮ ይቀርጻሉ። ከዚህ በኋላ የመጣው እውነተኛ ህጻን አድናቂ የተዘጋ ፊት ቢያገኝ ማን ነው ጥፋተኛው?

ነገሩ በመሰላቸት ብቻ ቢያልቅ ባልጻፍኩ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ ሰው ሌሊት የሬስለር ሶንያ ዴቪል ቤት ሰብሮ ገባ። ቢላ፣ ማሰሪያ ፕላስቲክና ቴፕ ይዞ ነበር፤ ሊጠልፋት ነበር የመጣው። ለረጅም ጊዜ በማህበራዊ ሚዲያ መልዕክት ሲልክላት የኖረ ሰው ነው። የቤቱ ማንቂያ ጮኾ እሷና ጓደኛዋ በመኪና አመለጡ፤ ሰውየውም ተይዞ 15 አመት ተፈረደበት። ፎቶ የሚለምነው ሁሉ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም፤ አዑዙ ቢላህ! ግን አንድ ሬስለር፣ በተለይ ሴት ከሆነች፣ ከጀርባዋ ስሟን እየጠሩ የሚሮጥ ሰው ስትሰማ በልቧ የሚመጣው ምን እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። አንተ ደግ መሆንህን አንተ ታውቃለህ፤ እሷ በምን ታውቃለች?

መድረሳ የተማርን ሰዎች ይህ አዲስ ነገር አይሆንብንም። በሱረቱ ኑር እንደተማርነው በቤት ውስጥ ያሉ ልጆችና አገልጋዮች እንኳ በሶስት ሰዓቶች ሳያስፈቅዱ አይገቡም፦ ከፈጅር በፊት፣ በቀትር ልብስ በሚጣልበት ሰዓትና ከዒሻእ በኋላ። ልብ በሉ! ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት ናቸው የተባሉት። ለቤተሰብ ፈቃድ ካስፈለገ፣ በስክሪን ብቻ የምንተዋወቅ ሰዎችማ ምን ያህል ያስፈልገን ይሆን? እዚያው ሱራ ላይ "ተመለሱ" ከተባልን መመለስ የተሻለ መሆኑንም ተምረናል። ቅር ሳይለን መመለስ ማለት ነው።

የማገለግላቸው ኢማማችን ዓለም የሚያውቃቸው ሰው አይደሉም፤ ሰፈሩ ግን ያውቃቸዋል። ሽንኩርት ሲገዙ እጅጌያቸውን ይዞ ስለ ውርስ የሚጠይቅ አለ። የታመመ ልጃቸውን ይዘው ሀኪም ቤት ተራ ሲጠብቁ ስለ ፍቺ የጠየቃቸው ሰው አይቻለሁ። አይቆጡም። "ከዐስር በኋላ መስጂድ ና፣ እዚያ ያንተ ነኝ" ነው የሚሉት። ይህን ንግግራቸውን እወደዋለሁ። ሰው "ያንተ ነኝ" የሚልበት ቦታና ሰዓት አለው። ለሬስለሩ ያ ቦታ ሪንጉ ነው፣ የፊርማ ፕሮግራሙ ነው፣ ከትርኢት በኋላ ቲሸርት የሚሸጥበት ጠረጴዛ ነው።

ለጅዳው ልጅ የመለስኩለት ይህን ነው፦ "ወንድሜ፣ አንተ ከተራ አድናቂም የጠበቀ ሁኔታ ላይ ነህ። የክፍሉን ቁጥር ታውቃለህ፣ መቼ እንደወጣ መቼ እንደገባ ታውቃለህ። ይህ አማና ነው። ለጓደኛ አይነገርም፣ ስቶሪ ላይ አይለጠፍም። ሊፍት ደግሞ መውጫ የሌለው ቦታ ነው፤ እዚያ የተጠየቀ ሰው እሺ ቢል ፈቅዶ ይሁን ጨንቆት አይታወቅም። ሰላም በል፣ ሻንጣውን በክብር አድርስ። እሱ ራሱ ወሬ ከጀመረ አብሽር፣ እንደምትወደው ንገረው።"

እኛም ለራሳችን የሚከተሉትን እንያዝ።

1ኛ. ቦታውን እይ። እየበላ፣ ከቤተሰቡ ጋር፣ ስልክ እያወራ፣ ጂም ውስጥ፣ መታጠቢያ ቤት ወይም ሀኪም ቤት ከሆነ አትቅረብ። የክፍሉ በር፣ የቤቱ ደጅና የመኪናው መስኮት ጭራሽ አይታሰቡም።

2ኛ. ከፊት ለፊት ቅረብ፣ ራቅ ብለህ ቁም፣ አስፈቅድ። "ይቅርታ፣ ሰላም ልበልዎት?" ይበቃል። ስልክህን አውጥተህ እየቀረጽክ አትምጣ።

3ኛ. አትንካ። መጨበጥም ቢሆን እጁን ከዘረጋ ነው። እሷ ከሆነች ደግሞ መልሱን ታውቁታላችሁ።

4ኛ. በሚታወቅበት ስም ጥራው። የትውልድ ስሙን ኢንተርኔት ላይ አንብበህ በእሱ መጥራት መቀራረብ ሊመስልህ ይችላል፤ እሱን ግን ያስደነግጠዋል።

5ኛ. "ውሸት አይደል እንዴ?" ብለህ አትጠይቅ። አጥንቱ የተሰበረበትን ስራ ነው ውሸት የምትለው።

6ኛ. ልጆቹንና ሚስቱን ፎቶ አታንሳ። እነሱ ሪንግ ላይ አልወጡም።

7ኛ. አንድ ነገር ብቻ ጠይቅ፤ ወይ ፎቶ ወይ ፊርማ። አመስግነህ ሂድ። ያለበትንም ቦታ እሱ ሳይለቅ አትለጥፍ።

8ኛ. "አሁን አይመቸኝም" ካለህ "ችግር የለም፣ መልካም ጉዞ" በል። እዚህ ላይ ነው አድናቂ የሚለየው። የምትወደው ሰው እረፍቱን ሲያገኝ ደስ ካላለህ፣ የወደድከው እሱን ነው ወይስ ፎቶውን?

እነዚህ ሰዎች ለአድናቂ ደንታ የላቸውም ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ጆን ሲና እ.ኤ.አ. እስከ 2022 ድረስ በጠና የታመሙ ህጻናትን ምኞት በሚያሟላ በጎ አድራጎት ድርጅት አማካኝነት ከ650 በላይ ህጻናትን አግኝቶ በዓለም የክብረ ወሰን መዝገብ ተመዝግቧል። ተመልከቱ፤ ይህ ሁሉ የሆነው በቀጠሮ ነው! ማንም ኤርፖርት ላይ እጁን አልጎተተውም። ተጠየቀ፣ ፈቀደ፣ ሙሉ ልቡን ይዞ መጣ። በትናንሽ አዳራሾች የሚፋለሙትም ከትርኢቱ በኋላ ጠረጴዛቸው ጋር ሄደህ አንድ ቲሸርት ብትገዛቸው በደስታ ያወሩሃል። ለብዙዎቹ የዚያ ጠረጴዛ ገቢ የመንገድ ነዳጃቸው ነው።

ሬስለር በህይወታችን ላናገኝ እንችላለን። ግን ሙንሺድ፣ ኳስ ተጫዋች፣ ተዋናይ፣ ኡስታዝ በየቀኑ እናገኛለን። አንድ ሰው ስለታወቀ ብቻ ሐቁ አይቀንስም፤ የድካሙ ሐቅ፣ የቤተሰቡ ሐቅ፣ ዝም የማለት ሐቅ አለው። ልጆቻችሁ የሚወዱት ሰው ካለ ፍቅራቸውን አትንቀፉባቸው፤ ከፍቅሩ ጋር ማስፈቀድን አስተምሯቸው።

አላህ መልካም ስነ ምግባር ይወፍቀን። ወላሁ አዕለም።